ጧሪ ለብቻ፣ ቀባሪ ለብቻ

የማገር እንክብካቤ ድርጅት የሰው ሀብት ዋና ኃላፊ ሃሴት ይርጋ የሥራ ቀኗን የምትጀምረው በስም ጥሪ ነው። ጠረጴዛዋ ጋ ደርሳ ሻይዋን ማማሰል ስትጀምር፣ ከጣሪያው የሚወጣው ድምፅ ትናንት ከአንቱታ የወረዱትን ሠራተኞች ይነግራታል።

"ሁለተኛ ፎቅ፣ ጧሪ ገነሜ ዋቆ፣ 'አባባ ተነስ እንጂ' ብላለች።"

"ይጽደቅ።"

"አራተኛ ፎቅ፣ ጧሪ ሙሉጌታ ስዩም፣ 'አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር' ብሏል።"

"ይጽደቅ።"

ሻይው ሳይቀዘቅዝ ሥራው ያልቃል። ስማቸው የተጠራው ሠራተኞች በማግሥቱ ሌላ ሕንፃ፣ ሌላ አዛውንት ጋ ይመደባሉ። የት እንደ ሄዱ ለአዛውንቶቹ አይነገርም። ቢጠይቁም፣ "እንደምን አደሩ፣ እኔ የዛሬው ጧሪዎ ነኝ" የሚል አዲስ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ ያገኙታል።

በመሥሪያ ቤቱ ሃሴትን አንቱ የማይላት የለም። እኛ ግን እዚህ ሃሴት ብቻ እንበላት፤ እንዲያ ስትባል ትንሽ ሰው ትመስላለች። እናቷን ወይዘሮ ትርሲትን ግን አንቱ ማለት ይኖርብናል። የሚኖሩት በድርጅቱ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጆሮው ይሰማል። ጆሮው በየክፍሉ ኮርኒስ ላይ የተለጠፈ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ነገር ነው። የሚለቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሠራተኛው አዛውንቱን ምን ብሎ እንደሚጠራ።

ሕንፃው ዱሮ ትምህርት ቤት ነበር። ከተማው ውስጥ ልጅ እየጠፋ ሲሄድ ትምህርት ቤቶቹ አንድ በአንድ የአዛውንት መኖሪያ ሆኑ። ደወሉን የነቀለው የለም፤ አሁን ለምሳ ይደወላል። ወይዘሮ ትርሲት ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋቸው በላይ፣ ቀለሙ የለቀቀ የፊደል ገበታ ግድግዳው ላይ እንዳለ አለ። የዘመኑ ሰው ይህን አይቶ አይገርመውም።

የሃሴት የሥራ ታሪክ አንድ ቃል ለሁለት የመሰንጠቅ ታሪክ ነው። "ጧሪ ቀባሪ" ዱሮ አንድ ነገር ነበር፤ የሚጦርህ ሰው እሱው ይቀብርሃል። ትልልቅ ሰዎች ሲመርቁ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ" ይሉ ነበር። ልጆቹ በየአገሩ ተበትነው፣ የቀሩትም ሳይወልዱ ሲያረጁ፣ ጧሪነት የደመወዝ ሥራ ሆነ። ችግሩ ደመወዝተኛም ሰው መሆኑ ነው። አንዲት አሮጊት ስታርፍ ስትጦራት የኖረችው ልጅ ጥቁር ትለብሳለች፤ ቤቷ ፍራሽ አንጥፋ ትቀመጣለች። "የት ነሽ?" ሲሏት "ሐዘን ላይ ነኝ።" "እናትሽ አይደሉም እኮ" ሲሏት "ታዲያ ምኔ ናቸው?" በዚህ መሀል አንድ ፎቅ ሙሉ አዛውንት ምሳ የሚያጎርሰው ያጣል። ጠበቆች ተከራከሩ፤ የሐዘን ፈቃድ ለማን ይገባል በሚል ስብሰባ በስብሰባ ላይ ተደረበ።

ያኔ ሃሴት ቅጥር ክፍል ውስጥ የምትሠራ ወጣት ነበረች። ሐዘን የተቀመጡትን ሠራተኞች በሥራ ላይ የተቀዳ ድምፅ ሰብስባ ስታዳምጥ ማንም ልብ ያላለውን ልብ አለች። ሁሉም ከሐዘኑ በፊት፣ አንድ ቀን፣ ሳያውቁት፣ "እርስዎ" ማለት ትተው "አንቺ" ማለት ጀምረዋል። ጥቁሩ ልብስ ከመምጣቱ በፊት "አንቺ" ትመጣለች። እንግዲያው "አንቺ" ስትመጣ ሠራተኛዋን ማንሳት፤ ሞት ሲመጣ ደግሞ የማያውቅ ሰው መላክ ነው። ጧሪ ለብቻ፣ ቀባሪ ለብቻ። ድርጅቱ የየሰፈሩን እድር ከነድንኳኑ ከነብረት ድስቱ ጠቀለለና የቀባሪ ክፍል አቋቋመ።

ብልህ ነበረች፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሐሳቡ ከቅጥር ክፍል አንስቶ ዋና ኃላፊነት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሌላ አገር ድረስ እየተጠራች ስለ አንቱታ አስተማረች፤ አንቱታ የሌለው ቋንቋ የሚናገሩ ኃላፊዎች በቅናት አዳመጧት። ሠራተኞቹ ግን ለመመሪያው የራሳቸውን ስም አወጡለት። ከአንቱታ የወረደችን ልጅ "ተወለደች" ይሏታል። "እገሊት የት ገባች?" ሲባል "ተወለደች እኮ" ይባላል። ይስቁበታልም።

እንግዲህ አንድ ማለዳ፣ ሻይዋን እያማሰለች፣ ድምፁ እንዲህ አላት።

"አምስተኛ ፎቅ፣ ጧሪ አስካለ ሞላ፣ 'እማዬ፣ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልበላም' ብላለች። አዛውንቷ ወይዘሮ ትርሲት በቀለ ናቸው።"

ማንኪያው ቆመ።

"ይጽደቅ?" አለ ድምፁ።

"ይቆይ" አለች ሃሴት። ቃሉን ከዚህ በፊት ተናግራው አታውቅም።

"እስከ ሰኞ ይቆያል። ሠራተኛዋ ድጋሚ ከወረደች ያለ ማጽደቅ ትዛወራለች።" ይህንንም አንቀጽ ያስገባችው ራሷ ነበረች።

ለምን "ይቆይ" እንዳለች ለማወቅ ወይዘሮ ትርሲትን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰሚት፣ ከኮንዶሚኒየም ሥር፣ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራቸው። ሹሩባ ሲሠሩ አንድ ክፍለ ከተማ ሴት ወረፋ ይጠብቅላቸው ነበር። እርጅናው ሲመጣ መጀመሪያ የሰው ስም ወሰደባቸው፤ ከዚያ ቤታቸውን፤ በመጨረሻ ምግብ ወደ አፍ የሚገባ ነገር መሆኑን ረሱ። በየሳምንቱ የሚቀያየሩት ጧሪዎች ማንኪያ ይዘው ቆመው ይመለሱ ነበር። ሴትዮዋ ከስተው ከስተው የትከሻቸው አጥንት ወጣ። አስካለ ስትመደብ ያደረገችው ነገር ደንብ መጣስ ነበር፤ የድርጅቱን ቆብ አውልቃ መሬት ላይ፣ በጉልበታቸው መካከል ተቀመጠች። የወይዘሮ ትርሲት ጣቶች ፀጉሯ ውስጥ ገቡ። ጣታቸው ሥራ ሲያገኝ አፋቸውም ሥራውን አስታወሰ፤ እየጎነጎኑ ከትከሻዋ በላይ የምታቀብላቸውን ይጎርሱ ጀመር። ሃሴት ይህን ታውቃለች። አስካለ ከሄደች እናቷ አይበሉም፤ ካልበሉ ይሞታሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣች። አስካለ እንደ ወትሮዋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ ግማሹ ተበትኗል።

"እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ትርሲት" አለች ሃሴት ከበሩ ላይ።

እናቷን አንቱ ማለት የጀመረችው እዚህ ሕንፃ ካስገባቻቸው ቀን ጀምሮ ነው። ሠራተኞች ያዩ ነበር፤ ጆሮውም ነበር፤ ለምሳሌነት ነው ብላ ነበር የጀመረችው። ያን ቀን ወይዘሮ ትርሲት ገና ሰው ይለዩ ስለ ነበር ሳቁባት፤ "ምነው ልጄ፣ እንደ አማት አንቱ አልሽኝ?" አሏት። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አልተነሳም።

"ይግቡ፣ የኔ እመቤት፣ ይግቡ" አሉ ወይዘሮ ትርሲት አሁን። "ወረፋ አለ፤ ግን አይቆይም። ሃሲ፣ ለእመቤቲቱ ወንበር ስጪያቸው።"

ሃሲ የተባለችው አስካለ ናት። በደንቡ "እኔ ልጅዎ አይደለሁም፣ የዛሬው ጧሪዎ ነኝ" ማለት ነበረባት። አላለችም፤ ተነስታ ወንበር አቀረበች። ሃሴት ለራሷ እናት ደንበኛ ሆና በስሟ የተጠራችው ሌላ ሴት በሰጠቻት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀናችባት።

ቆይታ አስካለን ጆሮው ወደማይደርስበት ደረጃ ጠራቻት።

"ተወልደሻል" አለቻት።

አስካለ በሠራተኞቹ ቃል ስትጠራ ደነገጠች። "አፌ አመለጠኝ፣ ወይዘሮ ሃሴት። አልበላም ብለው ሲያስቸግሩኝ ነው።"

"እስከ ሰኞ አቆይቼዋለሁ። ከአሁን በኋላ ግን አንቱ በያቸው። በሆድሽ የፈለግሽውን በይ፤ ጆሮው ሆድ ውስጥ አይገባም።"

"እሳቸውን እንዳይነሱኝ ነው የምፈልገው። እኔ እኮ ማሳደጊያ ነው ያደግሁት። እማዬ ብዬ የጠራሁት ሰው እሳቸው የመጀመሪያዬ ናቸው።"

"እንግዲያስ አንደበትሽን ጠብቂ።"

"እሺ" አለች አስካለ። ሁለቱም መላ የተገኘ መሰላቸው። ሃሴት ቀለል ብሏት ወደ ቢሮዋ ወረደች።

በማግሥቱ የምሳው ደወል ሲደወል ሃሴት የክፍሉን ምስል በቢሮዋ ግድግዳ ላይ ከፍታ ተመለከተች። አስካለ በጉልበታቸው መካከል ተቀምጣ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ "ይጉረሱልኝ፣ ወይዘሮ ትርሲት" አለች።

ጣቶቹ ፀጉሩ ውስጥ ቆሙ።

"ምን አልሽ?"

"ይጉረሱ እንጂ። እርስዎ የሚወዱት ነው።"

ወይዘሮ ትርሲት እጃቸውን ከፀጉሯ አወጡ። "አኮረፍሽኝ፣ ሃሲ?"

ይህን ስሕተት አንቱታ የሌለው ቋንቋ የሚናገር ሰው አይሠራውም። በእኛ ቤት እናት አንቺ ናት። ልጅ እናቷን አንቱ ስትል አከበረቻት ማለት አይደለም፤ ዘግታባታለች ማለት ነው። ሃሴት ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረባት። ልጅ እያለች፣ እናቷ ሲጎነጉኑላት የኖሩትን ፀጉር፣ ይባስ ብላ ሌላ ፀጉር ቤት ሄዳ፣ ከሥሩ አስቆርጣው መጣች። ወይዘሮ ትርሲት ደንበኞች ፊት ጮኹባት። እሷም አኮረፈች። "ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ።" "ስልክዎ ይጠራል፣ ያንሱት።" እናትየው ማዕድ እየቀረበ እህል አልቀምስ አሉ። በመጨረሻ እትዬ ጽጌ የሚባሉ ደንበኛ ግማሽ ራሳቸው ተሠርቶ ግማሹ እንደ ተበተነ ተነሥተው ሁለቱን እጅ ለእጅ አያያዙ፤ "ሳሚያት አንቺ፣ ሳሚያት! 'አንቺ' በያት!" አሏት ልጅቱን። ሃሴት "እማዬ፣ ብይ" አለች። እናቷም በሉ። ወይዘሮ ትርሲት ባልና ቤት፣ ዓመተ ምሕረትና የራሳቸውን ስም ረስተው ያችን ኩርፊያ አልረሱም ነበር።

ሃሴት ግድግዳውን እያየች "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የሚለው ተረት ትዝ አላት፤ ተረቱ ግን ጎድሎባታል፤ የራሷንም ያሳረረችው ራሷ ናት።

በተከታዩም ቀን ወይዘሮ ትርሲት አልጎረሱም። አስካለ በአንቱታ ለመነች፤ በለመነች ቁጥር ሴትዮዋ ይበልጥ ፊታቸውን ወደ ፊደል ገበታው ያዞራሉ። "ምን በደልኩሽ? ፀጉሩ እንደሆነ ይበቅላል ብያለሁ" ይላሉ። ቅዳሜ ዕለት አስካለ አልቻለችም። ሳህኑን አስቀምጣ እግራቸውን አቅፋ፣ "እማዬ፣ አላኮረፍኩሽም፣ እኔ አንቺን አላኮርፍም፣ ብይ በቃ፣ አንቺ ብይልኝ" እያለች አለቀሰች። ወይዘሮ ትርሲት ራሷን ዳበሷት፤ አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ሁለተኛውን ሳይጎርሱ በሩ ተከፈተ። አስካለ በዚያው ከሰዓት አዳማ ወዳለው ቤት ተላከች። ያለ ማጽደቅ ነው፤ ሃሴት ሻይዋንም አላማሰለችም።

ሰኞ ሃሴት ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። አቶ ኬብሮን እሷ የቀጠረችው፣ እሷ ያስተማረችው ሰው ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

"ልጅቷ ትመለስ" አለችው። "እናቴ አይበሉም።"

"ወይዘሮ ሃሴት፣ መመሪያው የእርስዎ እጅ ሥራ ነው። ለእርስዎ እናት ከፈታነው በማን ላይ እናጠብቀዋለን? የእኔም አባት ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። የዛሬው ጧሪያቸው ማን እንደሆነ አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"'አንዱን የለየ ሁሉንም ያጣል' ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ ኬብሮን።"

አንተ ስትለው ቀና አለ። ወደ መስኮቱ ዞረና፣ "ልጅቷ በፈቃዷ ተመለሰች ማለት ይቻላል" አለ ቀስ ብሎ። "ሰዓቷ ካለቀ በኋላ ቆብ አውልቃ እንደ ጠያቂ ብትገባ፣ እኔ አላየሁም። ከዚህ በላይ ግን አይጠይቁኝ።"

ሃሴት በዚያው ወደ አዳማ ነዳች። ነዳች መባሉ ለወግ ነው፤ መኪናው ራሱ ነው የሚሄደው። አስካለን የአዳማው ቤት ግቢ ውስጥ፣ የአንድ ሽማግሌ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አገኘቻት። "ፀሐዩ በዛብዎት? ወደ ጥላው ልውሰድዎት?" ትላለች ለሽማግሌው። አንቱታዋ እንከን አልነበረውም። ሽማግሌውን ዛፍ ሥር አስቀምጣ ወደ ሃሴት መጣች።

"አይበሉም፣ አስካለ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ማምሻውን እንደ ጠያቂ ትገቢያለሽ። ጆሮው ጠያቂ አይቆጥርም። የፈለግሽውን ትያቸዋለሽ። ተፈቅዶልሻል።"

ከአስካለ ቆብ ሥር አንድ ጉንጉን አምልጦ ወጥቶ ነበር። ሃሴት እያየችው መሆኑን አስካለ ስታውቅ ቆቡን አወለቀችው፤ ግማሽ ራሷ ተጎንጉኗል፣ ግማሹ እንደ ተበተነ ነው።

"አልጨረሱትም" አለች። "ሌላ ሰው እንዲጨርሰው አልፈለግሁም።"

"እንግዲያው ነይና ይጨርሱት።"

"ወይዘሮ ሃሴት፣ ብመጣም ይሞታሉ። ዛሬ ባይሆን ክረምት ላይ። ያን ጊዜ ማን ሊያለቅስላቸው ነው? የቀባሪ ክፍል። እኔ እዚህ ሆኜ የሌላ ሰው ምሳ ሳቀርብ ነው የምሰማው። አንድ ጊዜ ነቀላችሁኝ፤ ቻልኩት። ደግሜ አልወለድም።"

ቆቧን መልሳ አጠለቀች። ወደ ሽማግሌው ስትመለስ፣ "አስቆየሁዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ስትል ተሰማ።

ሃሴት በመንገዱ ላይ ስታለቅስ ሞጆ ደረሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወሰነች። አስካለ ልጃቸው አይደለችም፤ ልጃቸው እሷ ናት። የሚጎነጎን ፀጉር ባይኖራትም አንደበት አላት። እትዬ ጽጌ ያሏትን ትላለች። እየደጋገመች ተለማመደችው።

"እማዬ፣ ብይ። እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አንቺ ብይ።"

"ይቅርታ፣ ትእዛዙ አልገባኝም" አለ መኪናው። "ድጋሚ ይናገሩ።"

አምስተኛ ፎቅ ስትደርስ የቀኑ ጧሪ ሳህኑን ሳይነካ ይዞ እየወጣ ነበር። ተቀበለችውና ገባች። ወይዘሮ ትርሲት ትራስ ተደግፈዋል፤ ጣቶቻቸው ብርድ ልብሱ ላይ የሌለ ፀጉር ይጎነጉናሉ። ሃሴት አፏን ከፈተች።

"እንደምን ዋሉ?" አለች።

ራሷን ሰማችና ደነገጠች። የፈራችው ነገር አልነበረም፤ ጆሮውን በዚያች ሰዓት ከቁብ አልቆጠረችውም። ምላሷ ነው የሄደው። ያን ሁሉ ዓመት ሠራተኛ ሲገራበት የኖረ ምላስ ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔ እመቤት። ተራዎ ደርሷል" አሉ ወይዘሮ ትርሲት። ሃሴት መሬት ላይ፣ እንደ አስካለ ልትቀመጥ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ ስላላት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ጣቶቹ መጡ። ቀዝቃዛ ነበሩ። አጭር የተቆረጠውን ሽበቷን ከግንባር እስከ ማጅራት ፈለጉ፤ የሚይዙት አጡ።

"ውይ፣ ይሄማ ለሹሩባ አይሆንም" አሉ በሐዘኔታ። "አሳድገውት ይምጡ።"

"እማዬ" አለች ሃሴት ሳትዞር። "እኔ ሃሴት ነኝ። ይስሙኝ... ስሚ... ይስሙኝ፣ ልጅዎ ነኝ።"

ወይዘሮ ትርሲት ሳቅ አሉ። "የኔ ሃሲ ፀጉሯ እስከ ወገቧ ነው። እርስዎ ጨዋታ ይወዳሉ መሰለኝ።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ነገር ላስቸግርዎት? እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። ልጄ አኩርፋኛለች። አንቱ ትለኛለች፣ እናቷን። ሲያገኟት ያስታርቁኝ። ፀጉሩ ምንም አይደለም ይበሉልኝ፤ ይበቅላል።"

"እሺ" አለች ሃሴት።

"ይማሉልኝ።"

"ቃሌ ነው። አስታርቅዎታለሁ።" ጉርሻ ጠቅልላ ዘወር አለች። "እስከዚያው ግን ይጉረሱ።"

"አይ፣ እሷ ሳትመጣ?" አሉና እጇን በትሕትና መለሱት። ደንበኛ እንዳይከፋው የሚጠነቀቁ ሰው አመላለስ ነበር። "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣዎት፣ የኔ እመቤት። ፀጉሩን ያሳድጉት፤ እኔ አሳምሬ እሠራዎታለሁ።"

ሃሴት በየቀኑ ሄደች። በየቀኑ ከበሩ ውጭ "አንቺ" ትላለች፤ ደፉን ስታልፍ "እርስዎ" ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ "ብይ" የሚለው ቃል ወጣላት፤ ያን ጊዜ ወይዘሮ ትርሲት እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሻይዋ ፊት ድምፁ እንዲህ አለ። "አምስተኛ ፎቅ፣ ወይዘሮ ትርሲት በቀለ አርፈዋል። ከአንቱታ የወረደ ሠራተኛ የለም። ሐዘን የሚቀመጥ የለም። ጉዳዩ ለቀባሪ ክፍል ይተላለፍ፣ ይጽደቅ?"

"ይጽደቅ" አለ አፏ። ከዚያ ምን እንዳለች ገባት፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች።

ትርሲት ሞተች። ከዚህ በኋላ ጆሮው ስለማይሰማን አንቺ ልንላት እንችላለን።

የቀባሪ ክፍል ሥራውን ያውቃል። ድንኳኑ ተተከለ፣ ነጠላው ተዘቀዘቀ፣ የክፍሉ አስለቃሽ ወይዘሮ ዝማም ከጓደኞቿ ጋር መቃብሩ ዙሪያ ቆማ አወረደችው። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" የክፍሉ መፈክር ነው፤ ሃሴት ያጸደቀችው ነው። ሟች እንደ እናት በአንቺ እንድትለቀስ የሚያዘውም ደንብ እንዲሁ።

"አንቺ ትርሲትዬ፣ አንቺ ጣተ ሸጋ፣
የስንቱን ራስ ሠራሽ በክረምት በበጋ፣
የልጅሽን ትተሽው ወዴት ልትሄጂ ነው ሳይነጋ ሳይነጋ።"

በሕይወቷ አይተዋት የማያውቁ ሴቶች፣ አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ እያሉ ደረታቸውን ደቁ። እንዴት እንደሚያምርባቸው! አስካለ አልመጣችም፤ ለጧሪ ቀብር ክልክል ነው። ሃሴት በጥቁር ልብስ መሀል ላይ ቆማ፣ ዝማም ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ቦታ ስትለቅላት አየች። የልጅ ተራ ደረሰ ማለት ነው። እዚህ ኮርኒስ የለም፣ ጆሮ የለም፤ ከሰማይ በቀር ከላይ ምንም የለም። ሃሴት ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለች። አፏን ከፈተች።

"እማዬ" አለች። "ደህና ይሁኑ።"

ሴቶቹ ተያዩ። ዝማም ጠጋ ብላ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

"ተኳርፋችሁ ነበር እንዴ?"

"አዎ" አለች ሃሴት። "ላስታርቃቸው ቃል ገብቼ ነበር።"